የባላምባራስ ሣህሌ ውታፍ

አንዳንዱ ሰው በመሬቱ ይኮራል፣ አንዳንዱ በዘሩ ይኮራል፤ የየካ ሚካኤሉ ባላምባራስ ሣህሌ ግን የሚኮሩት በላንድሮቨራቸው ነበር። መኪናዋ መንገድ ሲሠሩ ከነበሩ ፈረንጆች በጨረታ የተገዛች አሮጊት ናት፤ አረንጓዴ ቀለሟ እዚህም እዚያም ተላጥቷል፣ የግራ በሯም የሚዘጋው በጠፍር ታስሮ ነው። ያም ሆኖ በእሳቸው ፊት ስለ መኪናዋ ክፉ የተናገረ ሰው ወዮለት! አንድ ጎረቤት "ባላምባራስ፣ ይቺ መኪና ዛሬ ትንሽ አልጮኸችም?" ያለ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ሰላምታ አያገኝም። ቤተሰቡማ ጭራሽ ተለጉሞ ነው የኖረው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከፊት ወንበር ሲቀመጡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ። ለብርዱ እንዳይመስላችሁ! ባላምባራስ መሪ ከጨበጡ "ትንፍሽ እንዳትይ" ማለት ልማዳቸው ስለሆነ ነው።

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል ባልና ሚስቱ ከባድ ጉዳይ ገጠማቸው። አንዲት ልጃቸው ፈትለወርቅ ለእንጦጦ ሰው ለሀብተወልድ ተድራ ከተራራው አናት ላይ ትኖራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። በኩሯን እናቷ ቤት መጥታ እንድትገላገል ወጉ ነውና፣ ወላጆቿ ከዚያ ሁሉ ቁልቁለት አውርደው ወደ የካ ሊያመጧት ተነሡ። በቅሎ ላይ እንዳትቀመጥ ሆዷ ገፍቷል፤ በእግሯ እንዳትወርድ መንገዱ ከክረምቱ ጭቃ የተነሣ ያንሸራትታል። ያለው ላንድሮቨሯ ብቻ ነው። "ልጄን እንደ እንቁላል ይዤ ነው የማመጣት!" ብለው ባላምባራስ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት ፎክረው በጠዋት መንገድ ጀመሩ።

ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ግድም፣ መንገዱ ወደ አንድ ወንዝ ቁልቁል ይወርድና ማዶ ይወጣል። ባላምባራስ ወደ ወንዙ ሲወርዱ ፍሬን ረገጡ። ፍሬኑ ወረደላቸው፤ መኪናዋ ግን አልያዝ አለች። ደግመው ረገጡ። እሷ እቴ! እንደ ልቧ ተንደርድራ ውሃው መኻል ቧ ብላ ገባች። ወይዘሮ የማርያምወርቅ የበሩን ጠፍር ጨምድደው ያዙ፤ አፋቸውን ግን አልከፈቱም። ባላምባራስ እንደ ምንም ብለው ማርሽ ቀይረው ማዶ ወጡና ቆሙ። ከኋላ ጎማዋ እንፋሎት ይትጎለጎላል፤ የተቃጠለ ነገር ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

"ጭቃ ነው" አሉ ባላምባራስ ወርደው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። "ውሃ ነክቶት ነው። አሁን ይደርቃል።"

ይህን ጊዜ አንድ ወጣት ጃንጥላውን እንደ ምርኩዝ እየተከለ ከዳገቱ ሲወርድ ታየ። በየካ የሚታወቁት ገበሬ የአቶ በዳዳ ልጅ ነው፤ ስሙ ኢቲቻ ይባላል። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቶ በመንግሥት ጋራዥ መኪና ይጠግናል፤ በዚያን ዕለት ከተራራው ላይ ዘመዶቹን ጠይቆ መመለሱ ነበር። ከመኪናዋ አጠገብ ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ።

"እንደምን አደሩ ባላምባራስ? እሜቴ፣ እንደምን አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። የበዳዳ ልጅ አይደለህም እንዴ? አከም ቡልቴ?" አሉ ባላምባራስ፤ ከአባቱ ጋር ሲገናኙ የሚጫወቱት በኦሮምኛ ነውና።

"ነጋ፣ ጌታዬ። ደኅና ነኝ።"

"አባትህስ ደኅና ነው? ከብቱስ?"

"ሁሉም ደኅና ናቸው፤ ምስጋና ይግባው።"

ሰላምታው በወጉ ካለቀ በኋላ ኢቲቻ ዓይኑን ወደ ኋላ ጎማ ወረወረ። አሸተት፣ አሸተት አደረገ።

"ጌታዬ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ይህ የዘይት ሽታ ነው።"

"የጭቃ ሽታ ነው።"

"ጭቃ ሲቃጠል እንዲህ የሚሸት አይመስለኝም።"

"እንግዲያው ችግሩ ያለው አፍንጫህ ላይ ነው" አሉ ባላምባራስ፣ መኪናዋን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ እያደረጉ።

ኢቲቻ ሣቁን ዋጠ። ባላምባራስና አባቱ ልጆቻቸውን ክርስትና ተነሣሥተዋል፣ በአንድ ማኅበር ይጠጣሉ፣ ስንት ጉርብትና አላቸው፤ ሽማግሌን መዳፈር አይሆንለትም። ግን ደግሞ ያንን ሽታ ያውቀዋል። "ከሥር ገብቼ ባየው ይከፋዎታል?" ብሎ ጠየቀ።

"ማየት አይከለከልም። እንዳትነካ ግን!"

ወጣቱ ኮቱን አውልቆ ለወይዘሮ የማርያምወርቅ በአደራ ሰጠና ጭቃው ላይ በጀርባው ተኝቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ጥቂት ሲደባብስ ቆየና ድምፁ ከሥር መጣ።

"ባላምባራስ! መተንፈሻውን ማነው የወተፈው?"

"ምኑን?"

"መተንፈሻውን! የኋላውን አክሰል መተንፈሻ!"

እንግዲህ ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሹፌር "ጎማዬ ተነፈሰ" ሲል ነፋሱ ወጥቶ አለቀ፣ መንገድ ላይ ቀረሁ ማለቱ ነው። የተነፈሰ መኪና ባለቤት ክሪክ ይዞ ጭቃ ውስጥ ይንበረከካል። ባላምባራስ በዕድሜያቸው ስንት ጎማ ተንፍሶባቸዋል! ይህን ቃል የሰሙ ጊዜ ደማቸው ፈላ።

"የእኔ መኪና አትተነፍስም!"

"እኔም የምለው እሱኑ ነው፤ አትተነፍስም። መተንፈስ ነበረባት።"

"ምን? መተንፈስ ነበረባት? እንዲህ ያለ ምኞት ለመኪናዬ ትመኛለህ? አንተ ልጅ፣ አባትህን ባላከብር ኖሮ ዛሬ እንደዚያው እንደተኛህ ጥዬህ እሄድ ነበር!"

ኢቲቻ ከሥር ብቅ አለ። ፊቱ በጭቃ ተለቅልቋል። "ጌታዬ፣ የጎማውን መተንፈስ አይደለም የምልዎ። ይህ አክሰል እኮ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኝ ቱቦ ነው፤ ውስጡ ጥርሶች፣ ዘይትና አየር አለው። ፋብሪካው ሲሠራው ከጀርባው ላይ አየር የሚያስወጣና የሚያስገባ አንዲት ትንሽ ነሐስ ተክሎበታል። እዚያ ቦታ አሁን ያለው እንጨት ነው።"

"እንጨት አትበለው። ወይራ ነው" አሉ ባላምባራስ ኮራ ብለው። "እኔው ነኝ የጠረብሁት። አንድ ጊዜ ከሰንዳፋ ስመለስ ከሥሯ ስስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ገብቼ ባይ ያቺ የምትላት ነሐስ ታፏጫለች። የሚያፏጭ ነገር ያፈስሳል። ነቅዬ አወጣኋትና ወይራ ጠርቤ፣ በሰም ለውሼ፣ በመዶሻ ወተፍሁላት። ከዚያ ወዲህ ጸጥ ብላለች። ወንዝ ብገባ ውሃ የሚሰርግበት ቀዳዳ የለም። እስቲ አሁን ቀዳዳ መድፈን ጥፋት ሆኖ ነው?"

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ሞኝነት አልነበረም። ጣራው ሲያፈስ የሚደፍን፣ ገንቦው ሲነቃ የሚጠግን ሰው ቀዳዳ አይቶ ዝም አይልም። ኢቲቻም ይህ አልጠፋውም።

"ውሃውን መፍራትዎስ ልክ ነው" አለ። "ነገር ግን ጌታዬ፣ አየር ሲሞቅ ይስፋፋል። ሲስፋፋ መውጫ ካጣ ግፊት ይፈጥራል። ግፊቱም በየአቅጣጫው እኩል ስለሚሠራ፣ የመቋቋም ኃይሉ ዝቅተኛ በሆነው…"

"ይህን ለፈተና አስቀምጠው" ብለው አቋረጡት።

ምን ይደረግ፤ የተማረ ሰው ዕዳው ይኸው ነው። ያለው ሁሉ እውነት ነበር፤ ግን ከደብተር እንደወረደ ስለተናገረው ከባላምባራስ ጆሮ አልገባም። እሱም ይህን ተረዳና ሌላ መንገድ ያዘ።

"እሺ፤ አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ፍሬኑ አልይዝ ያለው ወንዙ ከመግባትዎ በፊት ነው ወይስ ከገቡ በኋላ?"

"ይህ ምን ያደርግልሃል?"

"ከገቡ በኋላ ከሆነ እርስዎ እንዳሉት ውሃ ነክቶት ነው፤ ጥቂት ቢሄዱ ይደርቃል፤ ነገሩም አያሰጋ። ከመግባትዎ በፊት ከሆነ ግን ፍሬኑን የነካው ዘይት ነው። ዘይት አይደርቅም፤ በዚህ ፍሬን ደግሞ እንኳን ከእንጦጦ ከደረጃም አይወረድም።"

ባላምባራስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያቺን ሰዓት እግራቸው ፍሬኑን ሲረግጥ፣ መኪናዋም ሳትሰማቸው ቁልቁል ስትንደረደር አልረሱትም። ቢሆንም አፋቸው ከልባቸው ቀድሞ "በኋላ ነው" አለ። ለምን እንደዋሹ ራሳቸውም አላወቁትም። በዚያ ሁሉ ፉከራ ማግሥት "ፍሬን የለኝም" ማለት እንዴት ይሁንላቸው!

"በኋላ ከሆነማ እሰየው" አለ ኢቲቻ፤ ኮቱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። "በሰላም ይግቡ።"

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ግን ኮቱን አልሰጡትም፤ ይዘውት ቀሩ። ባላምባራስ ወደ መሪያቸው ሲራመዱ ዘወር ብለው ቢያዩ ሚስታቸው ነጠላውን ከአፋቸው ላይ አንሥተዋል።

"በፊት ነው" አሉ ወይዘሮዋ።

"ምን አልሽ?"

"በፊት ነው አልኩ። ውሃው ሳይነካን በፊት ነው ፍሬኑ እምቢ ያለው። ቢቆጡም ይቆጡኝ ባላምባራስ፤ ዛሬስ አልፈራም። ይሄ ይበቃል ቢሉኝ ደግሞ ሌላም አለኝ። ለፍልሰታ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በዚያ ጎማ ውስጥ ጥቁር ዘይት ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። ልንገርዎ ብዬ አፌን ስከፍት 'ትንፍሽ እንዳትይ' አሉኝ፤ ዝም አልኩ። ስንት ነገር አይቼ ዝም ብያለሁ። አሁን ግን በዚህ መኪና ከዚያ ገደል የምትወርደው የእኔ ልጅ ናት፤ ከነሆዷ!"

ባላምባራስ ደነገጡ። ከሚስታቸው አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ በትዳር ዘመናቸው አልሰሙም። ልቆጣ አሉና ቁጣው አልመጣላቸውም፤ ምክንያቱም የተባለው ነገር እውነት ነበር።

"ደግሞ ልጁ የሚለው ለእኔ ገብቶኛል" ብለው ወይዘሮዋ ቀጠሉ። "ጠጅ ስጥል ጋኑን ጥርቅም አድርጌ ወትፌ አውቃለሁ? ጨርቅ ነው የማለብሰው፤ ይተንፍስ ብዬ። ያቺ አዲስ መጥታ የነበረች ሠራተኛ እሜቴ አያዩኝም ብላ ገና እየፈላ አፉን በጭቃ የመረገችው ጊዜስ? ጋኑ በጎኑ ተሰንጥቆ ያ ሁሉ ማር መሬት ቀረ። እርስዎ ራስዎ 'ምን ዓይነት ደንቆሮ ናት፣ የሚፈላ ነገር ይታፈናል?' ብለው አልጮኹም?"

"እሜቴ፣ አገኙት!" ብሎ ኢቲቻ በደስታ ብድግ አለ። "በትምህርት ቤት እንዲህ ብለው ቢያስተምሩን ምን ነበረበት! አክሰሉ ጋን ነው ጌታዬ። ዳገት ስትወጣ ውስጡ ያለው ዘይት ይግላል፤ አየሩም ልውጣ ይላል። መተንፈሻው ሲወተፍበት በደካማው በኩል ይወጣል። ደካማው ደግሞ ዘይቱ ወደ ጎማዋ እንዳይሄድ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት ነው። ዘይቱ ያንን ቀለበት እየገፋ ያልፋል፤ ከቀለበቱ ማዶ ያለው ፍሬንዎ ነው።"

ባላምባራስ ፂማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። ጠጁን አይረሱትም፤ ለትንሣኤ የተጣለ ነበር። ሆኖም በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

"እሺ፤ ይህ ሲሞቅ ነው። ወንዝ ውስጥ ስትገባ ግን ትቀዘቅዛለች። ያን ጊዜስ ውታፌ ውሃውን አላስቀረልኝም?"

"እሱን እኔ አልነግርዎትም። ገና ከውሃ መውጣትዎ ነው፤ ገብተው ይንቀሉትና ራስዎ ይስሙት።"

ባላምባራስ ካባቸውን ለሚስታቸው ሰጡ፤ ምስኪኗ ወይዘሮ የልብስ መስቀያ ሆነው ዋሉ። ፒንሳ ይዘው ከመኪናዋ ሥር ገቡ፤ ውጭ የቀረው እግራቸው ብቻ ነው። ውታፉን በፒንሳ ነክሰው ሳቡት። እምቢ አለ። ወዘወዙት፤ አሁንም እምቢ አለ፤ ከወዲያ በኩል ሰው የሚስበው ይመስል ነበር። መጨረሻ ላይ ትንፋሻቸውን ሰብስበው መነጨቁት። ያን ጊዜ ከቀዳዳው ሱፍፍ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አየሩ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ነው የገባው።

ቀጥሎ ከመኪናዋ ሥር ጩኸት ተሰማ።

"ዋግምት!"

"ምን አሉ ጌታዬ?"

"ዋግምት ነው እኮ ይሄ! ጀርባዬን ሲያመኝ ያቺ አጋሚ ብርጭቆው ውስጥ እሳት ታነድና ትደፋብኛለች። እሳቱ ጠፍቶ ብርጭቆው ሲበርድ ሥጋዬን መጥጦ ወደ ላይ ያነሣዋል። ይቺም የጋለች ሆና ውሃ ውስጥ ስትገባ ትበርዳለች፤ ስትበርድ ትመጥጣለች!"

"እና ምን ትመጥጥ ይመስልዎታል?" አለ ኢቲቻ ቀስ ብሎ።

ውጭ የቀረው የባላምባራስ እግር መንቀሳቀሱን አቆመ።

"ውሃውን" አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "በውታፉ ሳይሆን በዚያው በቀለበቱ በኩል።"

ከዚያ በኋላ መከራከር አላስፈለገም። ኢቲቻ መፍቻ ተቀብሎ ከአክሰሉ ሆድ ጎን ያለውን የዘይት መሙያ ሲፈታው፣ ውሃ ገብቶበት ከልኩ በላይ የሞላው ዘይት ራሱ ገንፍሎ ፈሰሰ። ጥቁርና ጠራ ያለ መሆን ሲገባው ወተት የተደፋበት ቡና መስሏል። ባላምባራስ በጣታቸው ነክተው አሻሹት፤ ቅጥነቱን ሲያዩ ጥርሶቹ በውሃ ሲፋጩ የከረሙ መሆናቸው ገባቸው። ጎንበስ ብለው የጎማውን ውስጥ ቢያዩ ዘይቱ ፍሬኑን ከሚሸፍነው ታምቡር ሥር እስከ ጎማው ጠርዝ ድረስ ወርዶበታል። ሚስታቸው በፍልሰታ አየሁት ያሉት ይኸው ነበር።

ከወንዙ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከፊታቸው እንጦጦ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቀዩ መንገድ በባሕር ዛፉ መኻል እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ በአንድ በኩሉ ገደል ነው። ያንን መንገድ ስንት ጊዜ ወርደውበታል! ዛሬ ግን ከጎናቸው ፈትለወርቅ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ተቀምጣ፣ እሳቸው ፍሬን ሲረግጡ፣ ፍሬኑም አልይዝ ሲል ታያቸው። እንባቸው መጣ፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም።

"ልጄን ልገድላት ነበር" አሉ። "በገዛ እጄ ጠርቤ በወተፍሁት እንጨት። አንቺም አይተሽ ነበር። ምነው የማርያምወርቅ፣ በግድም ቢሆን ብትነግሪኝ?"

"በየት በኩል ልንገርዎ ባላምባራስ?" አሉ ወይዘሮዋ። "እኔንም እኮ ወትፈውኝ ነበር።"

ይህን ሲሰሙ ባላምባራስ አንገታቸውን ደፉ። ኢቲቻም አስተዋይ ልጅ ነውና መፍቻውን የሚያጥብ መስሎ ወደ ውሃው ወረደ።

ሲመለስ ባላምባራስ ተነሥተው ጠበቁት። "በል ልጄ፣ እንግዲህ እንዳልከው እንሁን። ምን ይሻላል?" ብለው ጠየቁ። "ልጄ" ብለው ሲጠሩት ከጠዋት ጀምሮ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

"ዛሬ ዳገቱን አንወጣም" አለ ኢቲቻ። "በከባድ ማርሽ እየተጎተትን ወደ ቤት እንመለስ። ቁልቁለቱ ከዚህ እስከ የካ ያን ያህል አይደለም። እሜቴ ግን ለማንኛውም በእግራቸው ቢመጡ ይሻላል። ያቺ ነሐስ የት ደረሰች?"

ባላምባራስ ምንም ነገር የማይጥሉ ሰው ናቸው። ከመኪናዋ ኪስ ውስጥ ከምስማርና ከሻማ ቁራጭ ጋር ተቋጥራ ተገኘች። አፏ በደረቀ ጭቃ ተደፍኗል፤ ያፏጨችውም ለዚህ ነበር፤ በጠባብ መውጫ ታንቃ እየተነፈሰች። ኢቲቻ በቤንዚን አጥቦ ውስጧ ያለችው ትንሽ ኳስ እስክትንቀሳቀስ ድረስ ነቀነቃት።

"ከእርስዎ ፍርሃት ጋር ግን እስማማለሁ" አለ ወደ ባላምባራስ ዞሮ። "ቀዳዳው ውሃ ውስጥ ከሰመጠ እየበረደ ሲመጥጥ ውሃ ይጠጣል። ፋብሪካው የሠራት ለእንደዚህ ያለ ወንዝ አልነበረም። ስለዚህ ቀዳዳውን አንደፍነውም፤ ከፍ እናደርገዋለን። ቤንዚን የሚስቡበት የላስቲክ ቱቦ አለዎት?"

"አለኝ።"

"ከአክሰሉ ላይ አስረን ከወንበሩ ኋላ ወደ ላይ እንውሰደው፤ ጫፉን ቁልቁል አጥፈን ውሃ ከማይደርስበት ላይ እናስረዋለን። ትተነፍሳለች፤ የምትተነፍሰው ግን ከላይ ነው።"

"እንዴ!" አሉ ባላምባራስ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው በራ። "ይህን እኔ ላስበው ስችል!"

እንደዚያ አደረጉ። መኪናዋ ዳዴ እያለች የካ ደረሰች። ኢቲቻ ከፒያሳ አዲስ የላስቲክ ቀለበትና የፍሬን ሸራ ገዝቶ መጣ፤ ባላምባራስም እጅጌያቸውን ሰብስበው አብረውት ሠሩ። ታምቡሩን ሲከፍቱ ሸራው በዘይት ርሶ እንደ ቅቤ ቅል ያብረቀርቅ ነበር። የተበላሸውን ዘይት ደፍተው፣ ሆዷን በነጭ ጋዝ አጥበው፣ አዲስ ሞሉባት። የፊተኛውንም አክሰል መተንፈሻ ቱቦ ቀጠሉለት። ሥራው ሲያልቅ ከቤቱ በላይ ያለውን ቁልቁለት ባዶዋን እየወረዱ፣ እየቆሙ፣ እየወረዱ ፈተኗት። ካቆሟት ቦታ ንቅንቅ አላለችም። ያን ጊዜ ነው ወይዘሮ የማርያምወርቅ "እንግዲህ ልጄን አምጡልኝ" ያሉት።

በማግሥቱ እንጦጦ ወጡ። ፈትለወርቅ በደኅና ጠበቀቻቸው፤ እናቷ ከኋላ ትራስ ደልድለው አጠገቧ ተቀመጡ። ቁልቁለቱ ተጀመረ። ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ባላምባራስ እንደ ልማዳቸው ለቀቅ አደረጓት፤ ከኋላ የልጃቸው ድምፅ ተሰማ።

"አባባ፣ ቀስ ይበሉ።"

ፈትለወርቅ ይህን ካለች በኋላ ራሷ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። የእናቷንም ፊት አየች። በዚያ መኪና ውስጥ እንዲህ የተባለበት ጊዜ የለማ! ባላምባራስ ግን ወደ ኋላ አልዞሩም። ፍሬኑን ረገጡት፤ ያዘላቸው። ማርሹን ዝቅ አደረጉና "እሺ ልጄ። ደግሞ ሲያንገጫግጭሽ ንገሪኝ፤ እኔ ከፊት ሆኜ አይታየኝም" አሉ። ፈትለወርቅ መናገር አላቆመች፤ እናቷም አገዟት፤ "በዚህ ድንጋይ አለ"፣ "እዚያ ጋ ውሃ ተኝቷል"፣ "ኧረ ወደ ግራ!" እየተባባሉ ሲወርዱ መኪናዋ የቡና ማኅበር መሰለች። ከወንዙ ዳር ሲደርሱ ባላምባራስ ቆም ብለው የመኪናዋ አክሰል እስኪበርድ ጠበቁ፤ ከዚያ ረጋ ብለው ተሻገሩ። ልጅቱም እንቁጣጣሽ ሲነጋጋ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ከዚህ በኋላ በየካ ውስጥ ባላምባራስን የሚያህል የመተንፈሻ አስተማሪ አልተገኘም። ላንድሮቨር የያዘ ሰው ሚካኤል ደጃፍ ካቆመ ከሥር ገብተው ያያሉ። "መተንፈሻህን በቤንዚን እያጠብህ ያዝ" ይሉታል። "የጋለች መኪና ይዘህ ወንዝ አትዝለል፤ ትንሽ ታግሠህ ትብረድልህ። ከወንዝ ስትወጣ ፍሬኑን በቀስታ ረገጥ ረገጥ እያደረግህ አድርቀው። ክረምት ሲወጣ የአክሰሉን ዘይት ክፈትና እየው፤ ወተት ከመሰለ ለነገ ሳትል ለውጠው። ከጎማው ውስጥ ዘይት ካየህ ደግሞ ፍሬንህ ሊከዳህ ነው ማለት ነው። አልሰማም ብትል አንተ ብቻ አይደለህም የምትሞተው፤ የጫንከው ሰው አለ።" የሰሙት ሰዎች አክሰላቸው ዕድሜ አገኘ፤ በክረምት ከወንዝ ዳር ቆሞ የሚያድር መኪና ቀነሰ፤ ከእንጦጦ ሲወርድም ሰው ልቡ አርፎ ይወርድ ጀመር። ኢቲቻም በዚያ ቤት እንደ ልጅ ይገባል፣ ይወጣል።

ያ የወይራ ውታፍስ? ባላምባራስ ወደ እሳት ሊወረውሩት ብለው ነበር፤ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ናቸው ቀድመው ያነሡት። አጥበው በመቀነታቸው ቋጠሩት። ልማድ ቶሎ አይለቅምና ባላምባራስ አንዳንድ ቀን ማዕድ ላይ ነገር ሲነሣ ግንባራቸውን ቋጥረው "ትንፍሽ እን…" ብለው ይጀምራሉ። ወይዘሮዋ አይመልሱም። መቀነታቸውን ፈታ ያደርጉና ውታፉን ከፊታቸው ያስቀምጡታል። ባላምባራስ ውታፉን ያያሉ፣ ሚስታቸውን ያያሉ፣ ሣቃቸው ያመልጣቸዋል።

"እሺ የማርያምወርቅ" ይላሉ፤ "ተንፍሺ።"